ቅዳሜ መወለዴን ያወቅኩት ቮልታ ላይ

ጋና ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ ያወራኝ ስለ አክራ ነው። እኔ አክራን ያየኋት በመጨረሻው ቀን፣ ያውም በመኪና መስኮት ነው። ሳምንቱን ያሳለፍኩት ቮልታ ውስጥ ነበር።

ቮልታ የጋና ምሥራቃዊ ዳር ነው። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ ቶጎ፣ በምዕራብ ያ ትልቁ ሰው ሠራሽ የቮልታ ሐይቅና የቮልታ ወንዝ። ስፋቱ 9,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 1,659,040 ሰው ተቆጥሮበታል። (የጋናን ዓመቶች በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የጉዞዬን ቀኖች በኛ።)

ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን 2018፦ ሎሜ፣ አፍላኦ፣ ኬታ

ጥምቀት ካለፈ በአራተኛው ቀን ነው የተነሳሁት። ጃንሜዳ የረጨኝ ውኃ ገና የደረቀ አልመሰለኝም። አውሮፕላናችን ሎሜ ያረፈው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ሎሜ የቶጎ ዋና ከተማ ናት፤ ግን የተቀመጠችው ድንበሩ ላይ ነው። ከአየር ማረፊያው ተነስተህ ሃያ ደቂቃ በታክሲ ከሄድክ ጋና በር ላይ ነህ።

የመጀመሪያውን ጥፋት እዚያው አጠፋሁ። የቢጫ ወባ ካርዴን ሻንጣዬ ግርጌ ቀብሬዋለሁ። ሻንጣው መሬት ላይ ተከፈተ። የውስጥ ልብሴ፣ የእናቴ በርበሬና አንድ ኪሎ የተፈጨ ቡና ለሕዝብ እይታ ቀረቡ። ከኋላዬ የተሰለፉት ነጋዴ ሴቶች ቡናውን እያሸተቱ ይስቃሉ። ካርዷ በርበሬ ነክቷት ተገኘች። ማህተም ተመታልኝ፣ አለፍኩ።

አፍላኦ ላይ የገረመኝ ድንበሩ ሳይሆን ድንበሩን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ማነሱ ነው። ቶጎ ውስጥ መንግሥት ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ጋና ውስጥ እንግሊዝኛ። ሰዉ ግን ወዲህም ወዲያም ኤዌ ነው፣ ቋንቋውም ኤዌ። ውኃ የሸጠችልኝ ልጅ በቶጎ ገንዘብ በሴፋም ሆነ በጋናው ሴዲ ትቀበላለች፤ መልሱን በሁለቱም ቀላቅላ ነው የምትሰጥህ። ሞያሌን ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ሴዲውን እኔ በግርድፉ 14 ብር አድርጌ ነበር የማስበው። ከአፍላኦ ኬታ በሚኒባስ 30 ሴዲ ከፈልኩ። ሚኒባሱ ትሮትሮ ይባላል። ረዳቱ ልክ እንደኛ ወያላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ «ሞልቷል» ከተባለ በኋላም ሦስት ሰው ይጨምራል። አራተኛ መደዳ ላይ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ «ፉላኒ ነህ?» አለኝ። በሳምንቱ ውስጥ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። ቀጠን ያለ መልክ ካዩ ከብት አርቢው ፉላኒ ነው የሚመስላቸው። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል ፊቱ በራ፦ «አየር መንገድ!»

ከዴኑ በኋላ መንገዱ በቀኝ ሐይቅ፣ በግራ ባሕር ሆኖ ይሄዳል። ኬታ ራሷ በውቅያኖሱና በኬታ ሐይቅ መሐል የተዘረጋች ቀጭን የአሸዋ ክር ናት። አንዳንድ ቦታ ላይ ቆመህ በሁለቱም በኩል ውኃ ታያለህ። ባሕሩ ይህችን ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ሲበላት ኖሯል። በ2004 የተጠናቀቀ የድንጋይ መከላከያ ባይሠራላት ኖሮ መንገዱም አይኖርም ነበር። መከላከያው ካልደረሰበት በኩል ግን ባሕሩ አሁንም ይመጣል፤ በኅዳር 2021 ማዕበሉ በአካባቢው ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

ያረፍኩት አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቤት ነው። ሰው ሁሉ ማማ ይላቸዋል፣ እኔም ማማ አልኳቸው። ክፍሉ 200 ሴዲ፣ ራት የቤቱ ግብዣ። ራቱ አክፕሌ ነው። የበቆሎና የካሳቫ ገንፎ በለው፤ ቅቤና በርበሬ መሐሉ የለም፣ በምትኩ ከባሚያ የተሠራ የሚዝለገለግ ወጥና የተጨሰ ዓሣ አለ። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የሀገራችንን ክርክር ለማማ ላስረዳ አልኩና ተውኩት። መንገደኛ ነኝ ብዬ በላሁ። በቀኝ እጄ ስቆርስ አይተው «ይሄ ልጅ ቤተሰብ አሳድጎታል» አሉ።

ከዚያ ጠየቁኝ፦ «በምን ቀን ነው የተወለድከው?»

ጥር ሚካኤል ማግስት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እሱን አይደለም። ሰኞ ነው? ማክሰኞ?»

አላውቅም። ማማ ሹካ እንደወደቀበት ሰው ደነገጡ። ኤዌ ዘንድ ሰው በተወለደበት ቀን ስም አለው። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ሴት አፊ። ሰኞ ኮጆ፣ አጆ። ማክሰኞ ኮምላ፣ አብላ። ጎረቤቶቻቸው አካኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ኮፊ አናን ዓርብ መወለዱን ከስሙ ታውቃለህ። እኛ ቅዱሱን እናውቃለን፣ ቀኑን አናውቅም። በስልኬ ላሰላው አልኩ፤ ግን በልደት ካርዴ ላይ ያለው ዓመትና እናቴ የምትለው ዓመት ተስማምተው አያውቁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፦ ኬታና አንሎጋ

ጠዋት ባሕሩ ዳር ሰው መረብ ይጎትታል። ሠላሳ አርባ ሰው፣ ሁለት መስመር፣ አንድ ገመድ። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እግር አሸዋ ውስጥ ይተከላል። ደቦ ነው በአጭሩ። ልያዝ ብዬ ገባሁ፣ አሥር ደቂቃ ቆየሁ፣ መዳፌ ተላጠ። መረቡ ሲወጣ አብዛኛው ትንንሽ ብርማ ዓሣ ነው። ጋናውያን ይህን ዓሣ «የኬታ ተማሪዎች» ይሉታል። በሰልፍ ስለሚሄዱ ነው አለኝ አንዱ፤ ሌላው ደግሞ ሳቀበት።

ዴንማርኮች በ1784 የሠሩት ምሽግ ከባሕሩ አፍ ላይ አለ። ፕሪንዘንስታይን ይባላል። ባሪያ የሚጫንበት ነበር፤ በኋላ እስር ቤት ሆኗል። በ1980 ባሕሩ ከፊሉን ወሰደው። አስጎብኚው የቀረውን ክፍል አሳየኝ፦ ወለሉ እርጥብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ላይ የብረት ቀለበት። ቶሎ ወጣሁ።

አንሎጋ በፕራግያ ሄድኩ። ፕራግያ ማለት ባጃጅ ነው፤ ቅርጹም ጩኸቱም ያው። አንሎጋ የሽንኩርት አገር ናት። አሸዋ ላይ ሽንኩርት ሲያበቅሉ ማየት ደስ ይላል። መደቡ ከአልጋ አይሰፋም፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ አሸዋው በከብት ፋንድያ የተለወሰ። ውኃው እዚያው ስር ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር ቆፍረህ ታገኘዋለህ። መሬት ጠባብ ስለሆነ አንድም መደብ ጾሙን አያድርም። አንዱ ገበሬ በጣቱ አፈሩን ገፍቶ ሽንኩርቱን አሳየኝ፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ ልክ እንደኛ የሐበሻ ሽንኩርት። ሽታው ቤቴን አስታወሰኝ። ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁ አላውቅም፣ የማበስልበት የለኝም። እስከ ሆ ተሸክሜው ዞርኩ።

እሑድ፣ ጥር 17፦ ሶጋኮፔ፣ ሆ

እሑድ ቮልታ ውስጥ መንገድ መሄድ ስህተት ነው። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትሮትሮው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። የማታውቀው አገር መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ረጅም ነው። ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የተወለድኩት ስንት ቀን ነው?»

«በሚካኤል ማግስት ነዋ። ምን ሆንክ? አሞሃል?»

«አይደለም፤ ሰኞ ነው ማክሰኞ?»

ዝም አለች። ከዚያ ለራሷ ማውራት ጀመረች። «ገበያ ወጥቼ… በሶብላ ገዝቼ ስመለስ ነው ወገቤን የያዘኝ… ቅዳሜ! ቅዳሜ ነው። ማታ።» ትንሽ ቆየችና፦ «ይሄን ለመጠየቅ ነው ጋና ድረስ የሄድከው?»

ሶጋኮፔ ላይ መንገዱ የቮልታን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። መኪናው ገና ሳይቆም ሴቶች በመስኮቱ ይሞላሉ፤ ዳቦ፣ ሽሪምፕ፣ ቅጠል ላይ የተቀመጠ ጣፈጥ ያለ አቦሎ። አቦሎ ከበቆሎ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ ኅብስት ማለት ይቀናኛል። ከሱ ጋር የተጠበሰ ጣት የማታክል ዓሣ ይሰጡሃል። ስሙ «አንድ ሰው ሺህ» ነው፤ አንተ አንድ ነህ፣ የምትበላው ሺህ። 20 ሴዲ ከፍዬ ጠገብኩ።

ወንዙ እዚህ ሰፊና ዝምተኛ ነው። በ2023 መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ከላይ ያለው የአኮሶምቦ ግድብ ከልክ በላይ ስለሞላ ውኃ ሲለቀቅ፣ የወንዙ ዳር ከተሞች ሰጠሙ። ሜፔና ባቶር የሚባሉት በጣም ተጎዱ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። አብሮኝ የተቀመጠው መምህር ውኃው ቤቱ ግድግዳ ላይ የደረሰበትን በእጁ ለካልኝ። ደረቱ ጋ ነው። የኛ ግድብ ጳጉሜ ላይ ሲመረቅ በቴሌቪዥን እንዳየ ነገረኝና «ከግድቡ በታች የሚኖረው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሱዳን ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ ሌላ አልጨመረም።

ሰኞ፣ ጥር 18፦ ሆ

ሆ የቮልታ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ይኸው ነው፣ አንድ ፊደል። ኮረብታ የከበባት፣ ጸጥ ያለች፣ ጽዱ ከተማ። አዋሳን ሐይቁን ቀንስላትና ትቀርባታለች። በማዘጋጃ ቤቷ ሥር በ2021 ቆጠራ 180,420 ሰው ነበረ። ብዙ ሰው ያለው ግን እዚህ አይደለም። አፍላኦ ያለችበት ኬቱ ደቡብ 253,122 ሰው ተቆጥሮበታል። ሹሙ ያለው ሆ፣ ሰዉ ያለው ድንበር ላይ። ገበያ ባለበት ሰው አለ።

ይህን ቦታ በአማርኛ ምን ልበለው እያልኩ ስቸገር ነበር። ክልል ስል የኛ ሰው ምክር ቤትና ባንዲራ ይታየዋል። እዚህ የለም። ቮልታን የሚመራው ሚኒስትር በፕሬዚዳንቱ የሚሾም ነው። ከስሩ 18 ወረዳዎችና ማዘጋጃ ቤቶች አሉ። ክፍለ ሀገር ነው የሚስማማው፤ እንደ ድሮው ሐረርጌ፣ እንደ ከፋ። ሆኖም መቆራረሱ አልቀረለትም። በነሱ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2018 ሰሜኑ ሕዝበ ውሳኔ አደረገና በ2019 ኦቲ የሚባል ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። ጋና ከ10 ወደ 16 የሄደችው በዚያ ጊዜ ነው። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ከዚያ ዓመት ሳይሞላው ተከተለ። የሆቴሉ ዘበኛ «ካርታው አነሰ፣ ዘመዶቼ ግን አልተነሱም» አለኝ። ሚስቱ የኦቲ ሰው ናት።

ሆ ድሮ የጀርመን ቶጎላንድ ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና ፈረንሳይ ተከፋፈሉት። የእንግሊዙ ድርሻ በግንቦት 1956 ድምፅ ሰጥቶ በ1957 ነፃ ከወጣችው ጋና ጋር ሄደ። ኬታና አንሎጋ ግን ከዚያ በፊትም የወርቅ ጠረፍ በሚባለው የእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። ስለዚህ ቮልታ ሁለት ልብስ ተሰፍቶ አንድ የሆነ ነው። ስፌቱን ፈልጌ አላየሁትም።

ሽንኩርቱን ለሆቴሉ ወጥ ቤት ሰጠሁ። በምሳ ላይ መልሰው አበሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፦ አሜድዞፌ

ተራራው ላይ የሚወጣ መኪና ስላጣሁ ሞተር ተከራየሁ፣ 80 ሴዲ። ቫኔ ከሚባለው መንደር በላይ ዳገቱ መሐል ቤንዚን አለቀ። ሹፌሩ ታንከሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ አፏጨ፤ የሆነ መልስ የሚጠብቅ ይመስል። ገፋን። ዳገት ላይ ሞተር መግፋት ከእግር ጉዞ ይለያል፣ እሱን ብቻ ልበል።

አሜድዞፌ ነፋሻ ናት። ከስድስት ቀን… ይቅርታ፣ ከአራት ቀን ወበቅ በኋላ ሹራብ አወጣሁ። ከመንደሩ በላይ ገሚ ተራራ ላይ የጀርመን ሚሲዮኖች በ1939 ያቆሙት የብረት መስቀል አለ። እኔን የያዘኝ ግን ቋንቋው ነው። እዚህ ሰዎች ከእንግዳ ጋር ኤዌ ይናገራሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን አቫቲሜ። ከኮረብታው ባሻገር ታፊ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ኒያንግቦም፣ ሎግባም። እያንዳንዱ የሚናገረው የጥቂት መንደሮች ሰው ነው። ቆጠራ ላይ ኤዌ ብለህ ብትደመድም እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። የኦሞን ሸለቆ ወደ ኮረብታ አውጣው።

ማታ ላረፍኩበት ቤት ባለቤቶች ቡና አፈላሁ። ጀበና የለም፣ ድስት ነው። ከሰል ምድጃው ላይ ሲገነፍል ልጆቹ ተሰበሰቡ። አባትየው አንድ ጉንጭ ቀመሱ፣ አሰቡ፣ የቆርቆሮ ወተት አስመጥተው ግማሽ ስኒ ገለበጡበት። ልቤ ተሰበረ። እሳቸው ግን ሁለተኛ ጠየቁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20፦ አፋጃ

የጋና ከፍተኛው ተራራ አፋጃ ነው፣ 885 ሜትር። እንደ አዲስ አበባ ልጅ ሳቅኩ። ቤቴ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ድሬዳዋ ራሷ፣ ቆላ እያልን የምናማት ድሬዳዋ፣ ከዚህ ተራራ ጫፍ ትበልጣለች። ከሊያቲ ዎቴ መንደር አስጎብኚ ይዤ እያፏጨሁ ተነሳሁ።

ፉጨቱ አሥር ደቂቃ አልቆየም። ዳገቱ መጠምዘዝ አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። አየሩ እርጥብ ነው፣ ላቡ አይደርቅም። አስጎብኚው ነጠላ ጫማ አድርጎ ከፊቴ ይሄዳል፣ ስልክ ያወራል። እኔ ሥር ይዤ፣ በጉልበቴ፣ «እመቤቴ» እያልኩ። እንጦጦን በጠዋት የምሮጥ ሰው ነኝ።

ጫፉ ላይ ደረስን። ጥሩ ቀን ከሆነ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው ቶጎ ይታያል። ወሩ ግን የሃርማታን ነው፤ ከሰሃራ የሚነፍሰው አቧራ ሰማዩን ዱቄት አስመስሎታል። ያየሁት የራሴን ጫማና ከፍታው የተጻፈበትን ምልክት ነው። አስጎብኚው በባዶው ነጭ ላይ እየጠቆመ «ያ ቶጎ ነው፣ ያ ሐይቁ» ይለኛል። ፎቶ አነሳኝ። ፎቶው ላይ ግድግዳ ፊት የቆምኩ እመስላለሁ።

ከሰዓት በሆሆዬ በኩል ዉሊ ፏፏቴ ሄድኩ። ገደሉ ላይ የሌሊት ወፎች በሺዎች ተንጠልጥለዋል። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበቴን ነከርኩበት፣ ተገላገልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፦ ክፓንዶ ቶርኮር

ሐይቁን ከተራራው ስላላየሁት ወደሱ ሄድኩ። ቶርኮር የዓሣ ወደብ ነው። ረጃጅም ጀልባዎች ጭቃው ላይ ተደርድረዋል፤ ሴቶች በጎድጓዳ ሳህን ዓሣ ይቀበላሉ፣ ዋጋ ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። ሐይቁ 8,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣናን ሁለት ጊዜ ከትቶ ቦታ ይተርፈዋል። በስፋት ከሰው ሠራሽ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጠው የለም። የሚያመነጨው መብራት ግን ከኛው ያንሳል፤ አኮሶምቦ 1,020 ሜጋ ዋት፣ ሕዳሴ 5,150።

ከውኃው ደረቅ ግንዶች ብቅ ብለዋል። ውኃው ሲመጣ ጫካው አልተመነጠረም ነበር። ስድሳ ዓመት ሆነው፣ ዛፎቹ አሁንም ቆመዋል። ጀልባ የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። ከውኃው ስር ከ700 በላይ መንደር አለ። 80,000 ያህል ሰው ተነስቶ በ52 አዳዲስ ሠፈሮች ሰፈረ። መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አያቱ የተቀበሩበትን ቦታ በአገጩ አሳየኝ። ውኃ ነው።

«ማን ሠራው?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«ክዋሜ» አለኝ። ንክሩማህን ማለቱ ነው። ግድቡን በጥር 1966 መረቀ፣ በወሩ ከሥልጣን ወረደ። ሐውልቱ አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። አላመነኝም፣ ፎቶ አሳየሁት።

«አንተስ ስምህ ማነው?»

ነገርኩት። ሊለው ሞከረ፣ አቃተው። ቅዳሜ ነው የተወለድኩት አልኩት። በኤዌ ክዋሚ ነው፣ ቀላል። ተጨባበጥን።

ወደ አክራ የሚሄደው መኪና ሊነሳ ሲል ከጀልባዎቹ በኩል ሴት ተጣራች፦ «ክዋሚ! ኤ ክዋሚ!» መረብ የያዙ ሁለት ሰዎች ዞሩ፣ ሳህን ያጠበ ልጅ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ።